ደብተሩን ላንብበው ወይስ ልተወው?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ስጽፍልዎ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ጎፋ፣ ሳውላ አካባቢ ነው። አሁን ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። የወንጌል አማኝ ነኝ። በአጥቢያችን መዘምራን ውስጥ 11 ዓመት አገልግያለሁ።

አምና ገና ሦስት ቀን ሲቀረው የመሬት መንቀጥቀጡ ሌሊት ከአልጋችን አስወረደን። በማግስቱ ከሱቅ አንድ ደብተር ገዛሁ። የሆነውን ከነቀኑ መጻፍ ጀመርኩ። ለምን እንደጀመርኩ በደንብ አላውቅም። መጀመሪያ መንቀጥቀጡ የተነሳባቸውን አዋሽ ፈንታሌንና ዶፋንን ጻፍኩ። በገና ዕለት የሎስ አንጀለስ ሰደድ እሳት ተነሳ። እህቴ እዚያ ስለምትኖር ያን ሳምንት ስልክ ከእጄ አልወረደም። ከዚያ የማያንማር መንቀጥቀጥ መጣ፤ ከዚያ ቴክሳስ ውስጥ ጎርፍ የወሰዳቸው ሕፃናት፤ ከዚያ አፍጋኒስታን። ጥቅምት ላይ ሜሊሳ የሚባለው አውሎ ነፋስ ጃማይካን መታ። ኅዳር ላይ ጂንካ ማርበርግ የሚባለው በሽታ ገባ ተባለ። በዚያው ወር አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ደብተሩ ሊያልቅ ነው። ባለቤቴ "ተይው፣ ታመሽበታል" ይለኛል። እኔ ግን ማታ ማታ ቴሌግራም ሳልከፍት እንቅልፍ አይወስደኝም።

የጸሎት ቡድናችን መሪ አባት የሚሆኑን ሽማግሌ ናቸው። ደብተሩን አይተው በጣም ወደዱት። በገና ዋዜማ የአዳር ጸሎት ላይ ለጉባኤው እንዳነብበው ጠየቁኝ። "ከጎፋ ጀምሪ። የቁጣው መጀመሪያ እሱ ነው። ያ ሕዝብ ለምን እንደተመታ ሁሉም ይወቅ" አሉኝ። ከጎፋ መሆኔን ያውቃሉ። የአክስቴ ልጅ እዚያ ናዳ ውስጥ መቅረቱን ግን ለቡድኑ ተናግሬ አላውቅም። ዶማ ይዞ ሰው ሊያወጣ ሮጦ ነው የቀረው። እኔ ሳልደርስ ተቀበረ።

ያን ቀን ዝም አልኩ። አሁን መዘመር አቅቶኛል። አፌን ስከፍት ድምፄ አይወጣም። እምቢ ብል እምነቴ ስለደከመ ይሆን? የዘጠኝ ዓመት ልጄ ደግሞ ጫማዋን ካላደረገች አትተኛም። "እማ፣ እግዚአብሔር ተቆጥቶናል?" አለችኝ። ምን ልበላት? እኔ ራሴ ያንኑ እየጠየቅኩ ነው።

ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

*

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ይህን ቃል ማንም ያለሽ አይመስለኝም። አልነገርሻቸውማ። ስለዚህ ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን ልበልሽ ብዬ ነው።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሎስ አንጀለስ፣ ስለ ቴክሳስና ስለ ጃማይካ ጻፍሽልኝ። ስለ አክስትሽ ልጅ የጻፍሽው ግን በጣም አጭር ነው። ዶማ ይዞ ሮጠ፤ ቀረ፤ ሳልደርስ ተቀበረ። በቃ። ስሙን እንኳ አልነገርሽኝም። ዕድሜውንም፣ አብራችሁ ማደጋችሁን አለማደጋችሁንም አላውቅም። በእነዚያ ጥቂት ቃላት ላይ ስደርስ ሦስቱንም ጊዜ ቆሜያለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አልቅሰሽለታል?

መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም። ግን አስቢው። እኛ አገር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል። እድሩ ይመጣል። ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል። ሰው ገብቶ መሬት ላይ ይቀመጥና ምንም ሳይናገር ይውላል። አንቺ ግን ከመንገዱ ርቀት የተነሳ ሳትደርሺ ቀብሩ አለፈ። አዲስ አበባ ተመልሰሽ ለማንም አልተናገርሽም። ምናልባት "አማኝ ተስፋ እንደሌለው ሰው አያለቅስም" ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ይህን ቃል ብዙ ቤት ሰምቼዋለሁ፤ ብዙ ሰውም ዕንባውን እንዲውጥ አድርጓል። ጳውሎስ ያለው ተስፋ እንደሌላቸው ሆናችሁ አትዘኑ ነው። አትዘኑ አላለም። ጌታ ራሱ በአልዓዛር መቃብር ላይ አልቅሷል። ያውም ሊያስነሳው እንደሆነ እያወቀ።

ደብተሩን የጀመርኩት ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ ነው ብለሻል። እኔ ግን የጀመርሽው ሐምሌ 15 ቀን 2016፣ የጎፋው ናዳ የደረሰ ዕለት ይመስለኛል። ያኔ በቃል መናገር ያቃተሽን ነገር ከአምስት ወር በኋላ በአገርና በቀን እየከፋፈልሽ መጻፍ ጀመርሽ። የሰው አገር ሬሳ መቁጠር ይቀላል። የራስን ሰው መቁጠር ነው የሚከብደው። ተሳስቼ ይሆናል፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ድምፅሽ የጠፋው ግን እምነትሽ ስለደከመ አይመስለኝም። ያልወጣ ለቅሶ ጉሮሮሽ ላይ ቆሞብሽ ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልምጣ። እኚህን ሰው ክፉ ናቸው ብዬ አላስብም። ምናልባት ከአንቺ ባላነሰ ፈርተዋል። አንዳንድ ሰው ሲፈራ ምክንያት ይፈልጋል። ጥፋተኛ ከተገኘ ዓለም ሥርዓት ያላት ይመስላል። እነሱ እንዲህ ስላደረጉ ነው፤ እኛ ያንን ካላደረግን እንተርፋለን። ይህ ሰውን ለጥቂት ቀን ያሳርፋል። የሚያሳርፈው ግን በሌላው ሐዘን ላይ ተቀምጦ ነው።

ሰዎች ይህንኑ ጥያቄ ለኢየሱስ አምጥተውለታል። ሉቃስ 13 ላይ ታገኚዋለሽ። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ገድሎ ነበር። በዚያ ዘመን የከተማው ትልቅ ወሬ ሳይሆን አይቀርም። እነዚያ በኢየሩሳሌም ካሉት ሁሉ የባሱ በደለኞች ይመስሏችኋል ወይ ብሎ ጠየቀና ራሱ "አይደለም" ብሎ መለሰ። ልደብቅሽ አልፈልግም፣ ቀጥሎ ንስሐ ግቡ ብሏል። ግን ለማን ነው ያለው? በሕይወት ቆመው ለሚያወሩት ነው። ሙታኑን ማንም እንዲመዝናቸው አልፈቀደም። ሽማግሌው ንስሐ መስበክ ከፈለጉ መንገዱ ክፍት ነው፤ ከራሳችን፣ ከአጥቢያችን ይጀምሩ። ጎፋን ግን ለዚያ አይጠቀሙባት።

ደግሞ ጎፋ ላይ የሆነውን እናስታውሰው። አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ይህን የሚያነቡ ሌሎች ግን ረስተውት ይሆናል። ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ነው። ከከባድ ዝናብ በኋላ ናዳው ቤቶችን ዋጠ። ጎረቤቱ ዶማና አካፋ ይዞ፣ አንዳንዱም በባዶ እጁ ሊቆፍር ወጣ። እየቆፈሩ ሳለ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የዞኑ አስተዳዳሪ ያኔ እንደተናገሩት፣ ከሞቱት ብዙዎቹ ሊረዱ የሄዱት ናቸው። ለማዳን የወጣው የቀበሌው አስተዳዳሪ አለበት፤ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች አሉበት።

እንግዲህ የአክስትሽ ልጅ ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለ ወዳጆቹ ነፍሱን ከሚሰጥ ሰው የሚበልጥ ፍቅር ያለው የለም ተብሎ ተጽፏል። ይህ ቃል በአገራችን ከንቾ ላይ ካልሠራ የት ሊሠራ ነው? በዚያ ጭቃ ውስጥ ቁጣ ፈልጉ ቢሉኝ አላገኝም። እኔ የማየው ዶማ ይዞ የሚሮጥ ልጅ ነው።

የቀረውንም ደብተርሽን አብረን እናገላብጠው። ቴክሳስ ላይ ጎርፉ ከወሰዳቸው መካከል በክርስቲያን የልጃገረዶች ካምፕ የነበሩ ትንንሽ ልጆች ነበሩበት። ማያንማር ላይ መንቀጥቀጡ የመጣው በረመዳን፣ ዓርብ ቀን ነው። መስጊድ ውስጥ በጸሎት ላይ እንዳሉ ጣሪያ የተደረመሰባቸው ብዙ ናቸው። አፍጋኒስታን፣ ኩናር ላይ ነሐሴ 25 ሌሊት የመጣው በሬክተር ስኬል 6.0 ነበር። ከ2,000 በላይ ሰው ገደለ። ከእሱ አንድ ወር ቀደም ብሎ ሩሲያ፣ ካምቻትካ አጠገብ የ8.8 መንቀጥቀጥ ደርሶ ነበር። እስከ ዛሬ በመሣሪያ ከተመዘገቡት ታላላቆች አንዱ ነው። ደብተርሽ ላይ ግን ያለ አይመስለኝም፤ በደብዳቤሽም አላነሳሽውም። ለምን? የገደለው ሰው እጅግ ጥቂት ስለነበር ዜናው በሁለት ቀን አለቀ።

ይህን ልዩነት ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ኩናር ላይ ሰው ያለቀው ከካምቻትካ ሰው የበለጠ በደለኛ ስለሆነ ነው? ቤቱ ከጭቃና ከድንጋይ ስለተሠራ ነው። ተራራ ሥር ስለሚኖር ነው። ሌሊት ተኝቶ ስለነበር ነው። መንገድ ስለሌለ እርዳታ ስለዘገየ ነው። አደጋ የድሃውን በር ቀድሞ ያንኳኳል። ነቢያቱን ካነበብሽ ደግሞ እግዚአብሔር ሁልጊዜ በዚያ በር አጠገብ ነው የቆመው። ድሃን መትቶ ሀብታምን የሚያስጠነቅቅ አምላክ እኔ በመጽሐፍ ቅዱስ አላገኘሁም።

ስለ ራሳችን መሬትም ትንሽ ልንገርሽ፤ ለልጅሽ ስታስረጂ ይጠቅምሻል። የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ ዳር ነው። ምድሪቱ እዚህ በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር እየተለያየች ትሄዳለች። አምና በፈንታሌና በዶፋን መካከል ከሥር ቅልጥ አለት እየገፋ ገባ። መሬቱን የሰነጠቀውና ያንቀጠቀጠው እሱ ነው። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነስተዋል። የእነሱ ነገር እስካሁን ያሳስበኛል። ግን ይኸው ሙቀት ነው ፍልውሃን የሰጠን። እቴጌ ጣይቱ ሰፈሩን ወደውት አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በዚያ ውኃ አጠገብ ነው። ላንጋኖና ሻላም የተኙት በዚሁ ስምጥ ውስጥ ነው። ይህ የዛሬ ዓመት የመጣ ነገርም አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ከተማ ፈርሳለች፤ ካራ ቆሬም ተጎድታለች። ያኔም ዓለም አለቀች ያሉ እንደነበሩ እገምታለሁ። እናቶቻችን ግን ከዚያ በኋላ ወልደውናል።

እንዳንቺ ደብተር የያዙ አንድ ካህን እንደነበሩ ታውቂያለሽ? አባ ፒየር ጉዌን ይባላሉ። ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ናቸው። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በቀድሞው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመዘግበውን ጣቢያ አቋቋሙ። ከድሮ ጽሑፎች ሁሉ እየለቀሙ በአገራችን የደረሰውን መንቀጥቀጥ መዘገቡ። ቀን፣ ቦታ፣ የፈረሰ ቤት። ልክ እንዳንቺ። ከዚያ ከዝርዝሩ ምን አደረጉ? የትኛው አካባቢ ይበልጥ እንደተጋለጠ የሚያሳይ ካርታ ሠሩ፤ ቤት የሚሠራ ሰው ተጠንቅቆ እንዲሠራ። የአንድ አማኝ ደብተር እንዲህም ሊያገለግል ይችላል። እኚህን ሰው ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

"ታዲያ ማቴዎስ 24ስ?" እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ጦርነት፣ ረሃብ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ በልዩ ልዩ ስፍራ ይሆናል የሚለው እውነት ነው፤ አልሸሽም። ግን እዚያው ላይ ምን ብሏል? "እንዳትደነግጡ ተጠንቀቁ" ነው ያለው። ፍጻሜው ገና እንደሆነም ተናግሯል። እኛ ሰው ለማስደንገጥ የምንመዝዘው ጥቅስ ራሱ አትደንግጡ ይላል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል።

ሌላም ታሪክ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሲሰበክ አልሰማሁትም። የሐዋርያት ሥራ 11 መጨረሻ ላይ ነው። አጋቦስ የሚባል ነቢይ አንጾኪያ መጣ። በዓለም ሁሉ ታላቅ ረሃብ ሊሆን ነው ብሎ ተናገረ። ይህ እንግዲህ እውነተኛ የአደጋ ትንቢት ነው። ጉባኤው ምን አደረገ? ማን በደለ ብለው አልጠየቁም። ዘመኑንም አልቆጠሩም። እያንዳንዱ እንደ አቅሙ አዋጣና በይሁዳ ላሉት ወንድሞች በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩ። በሁለት ቁጥር አለቀ። መጥፎ ዜና ሰሙ፤ ገንዘብ ሰበሰቡ፤ ሰው ላኩ። ክርስቲያን የዓመቱን ዜና እንዴት ይስማ ብለሽ ብትጠይቂኝ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ወደ ጥያቄሽ እንመለስ። ላንብበው ወይ?

እሳቸው ባሉት መንገድ አታንብቢው። ይህን ስልሽ አላመነታም። የአክስትሽን ልጅ ሞት የቁጣ ማስረጃ አድርገሽ በገዛ አፍሽ ብታነቢ፣ ያ ሌሊት ለብዙ ዓመት አይለቅሽም። እምቢ ማለትሽ የእምነት ድካም አይደለም። ኢዮብም ወዳጆቹ ያመጡለትን ማብራሪያ እምቢ ብሏል፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር የፈረደው ለእሱ ነው። እነዚያ ወዳጆች እንኳ የመጀመሪያውን ሰባት ቀን ጥሩ ነበሩ። መሬት ላይ አብረውት ተቀምጠው ዝም አሉ። ልክ እንደ እኛ ለቅሶ ቤት። የተበላሸው መናገር ሲጀምሩ ነው።

ግን ዝም ብለሽ ከመቅረትሽ በፊት ሽማግሌውን ለብቻቸው አግኚያቸው። በስልክ አይሁን፤ በቡድኑ ፊትም አይሁን። ቤታቸው ሂጂ ወይም ከጸሎት በኋላ አስቀሪያቸው። ከጥቅስ አትጀምሪ። ከአክስትሽ ልጅ ጀምሪ። "ጋሼ፣ አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ያን ቀን ጎፋ ላይ ከሞቱት አንዱ ወንድሜ ነው። ሰው ሊያወጣ ገብቶ ነው የቀረው" በያቸው። ከዚያ ትንሽ ዝም በይ። የሚሆነውን እይ። እኔ እንደሚመስለኝ ድንጋጤያቸው ከስብከታቸው ይቀድማል። ብዙ ሰው ስለ "ያ ሕዝብ" ሲናገር ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ሰው የለም። አንቺ ፊታቸው ስትቀመጪ ነገሩ ይለወጥ ይሆናል።

ከተለወጠ ሌላ ሐሳብ አቅርቢላቸው። ደብተሩ ይነበብ፤ ግን እንደ ልመና ይነበብ። የቦታው ስም ይጠራ፤ ጉባኤው ለአፍታ ዝም ይበል፤ ለተረፉት ይጸለይ። አዋሽ ፈንታሌ ተፈናቅለው ለሰነበቱት። ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ የመንን ተሻግሮ ሕንድ መድረሱን ሁሉም አውርቷል፤ አፍዴራ አካባቢ የከብቱ ሣር አመድ መልበሱን ግን ስንቱ ያስታውሳል? ለእነዚያ አርብቶ አደሮች ይጸለይ። መጨረሻ ላይ ሙዳዬ ምጽዋት ይዙር። ትንሽም ብትሆን፣ ለአንድ ቤተሰብ ቆርቆሮ መግዣ የምትሆን። ማን እንደሚያደርስ እዚያው ይወሰን። ጎፋ የመጨረሻ ይሁን። እሱን አንቺ አንብቢው፤ ከቻልሽ። ካልቻልሽ ባለቤትሽ ያንብብልሽ።

እምቢ ካሉስ? "ይቅርታ ጋሼ፣ ደብተሩን አልሰጥም" በይና ቤትሽ ሂጂ። ደብተሩ ያንቺ ነው። ከቡድኑ ልውጣ አልውጣ የሚለውን ግን በዚህ ሳምንት አትወስኚ። ገና ይለፍ፤ ጥምቀትም ይለፍ። ሰው ሐዘኑ ትኩስ ሳለ የሚዘጋው በር ብዙ ጊዜ በኋላ ያንገበግበዋል።

ደብተሩን መጻፍ አቁሚም አልልሽም። ባለቤትሽ የሰጋው ስለሚወድሽ ነው፤ እሱም ልክ ነው። ግን ገጹን ለሁለት ክፈይው። በግራ የሆነውን ጻፊ። በቀኝ ደግሞ ማን እንደደረሰላቸው ጻፊ። ያን ሌሊት ቤታችሁ በተንቀጠቀጠ ጊዜ ማን በራችሁን አንኳኳ? እኔ ያን ሌሊት ነጠላዬን ብቻ ጣል አድርጌ ደረጃውን ወረድኩ። ግቢው ሞልቷል። አንዱ "ያ አላህ" ይላል። አንዷ "እመቤቴ ድረሽልኝ" ትላለች። ሌላዋ በኢየሱስ ስም ትጸልያለች። ከሦስት ዓመት በላይ በአንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ሰላም ተባብለን የማናውቅ ሰዎች ነን። ብርዱ ሲጸናብን አንዲት ጎረቤቴ በፔርሙዝ ሻይ ይዛ ወረደች። ስምንት ሰው በሁለት ብርጭቆ ተቀባብለን ጠጣን። የእኔ ደብተር ቢኖር በቀኝ በኩል የምጽፈው እሷን ነው።

ማታ ማታ ያለውን ስልክ ግን ቀንሺው። ከእራት በኋላ ሌላ ክፍል አስቀምጪው። ዜና በቀን አንዴ፣ በብርሃን ጊዜ ይበቃል። ኩናር ላይ የሆነውን ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ማወቅሽ ለኩናር ሰው ምንም አይጨምርለትም። ለአንቺ ግን እንቅልፍሽን ይወስድብሻል። ይህን ሁሉ አድርገሽ ከወር በኋላም እንቅልፍ እምቢ ካለሽ የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግሪ። ጸሎትሽን አይተካም፤ ጸሎትሽም እሱን አይከለክልም።

ልጅሽ። ይህችን ልጅ ወድጃታለሁ። ጫማዋን አድርጋ መተኛቷ ሞኝነት አይደለም፤ መውጫዋን አስባለች። አትቆጫት። ጫማዋ አልጋዋ ሥር፣ እጇ የሚደርስበት ይሁን በያት። እዚያው ትንሽ ባትሪ አስቀምጡ። አንድ ቅዳሜ ከወንድሟ ወይም ከእህቷ ጋር ተለማመዱ። ሲንቀጠቀጥ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ እግሩን መያዝ። ከመስታወት መራቅ። ሲቆም በደረጃ መውረድ። ግቢ ውስጥ የት እንደምትገናኙ መስማማት። ልጅ የምትሠራው ነገር ስታገኝ ፍርሃቷ ይቀንሳል። እኛም እንደዚያው ነን።

"እግዚአብሔር ተቆጥቶናል?" ላለችው ደግሞ ረጅም መልስ አትስጪያት። "አይ የኔ ልጅ። ድስት ሲፈላ ክዳኑ ሲንቀጠቀጥ አይተሽ የለ? ምድርም ከሥሯ ትኩስ ናት" በያት። ከዚያ የኤልያስን ታሪክ አንብቢላት፤ 1ኛ ነገሥት 19። ነፋስ መጣ፤ እግዚአብሔር በነፋሱ ውስጥ አልነበረም። መንቀጥቀጥ መጣ፤ በዚያም ውስጥ አልነበረም። እሳትም መጣ። በመጨረሻ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ። ቀስ ያለውን ድምፅ በሹክሹክታ አንብቢላት፤ ልጆች ይህን ይወዳሉ። "ለምን ሰው ይሞታል ታዲያ?" ካለችሽ "አላውቅም" ማለት ትችያለሽ። እኔም አላውቅም። እናቷ ሳታውቅም እንደምታምን ማየቷ ይጠቅማታል።

ዛሬ ማታ ግን ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ልጆቹ ሲተኙ ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ በሉ። ቡና አፍሉ። ስለ አክስትሽ ልጅ ንገሪው። ስለ ናዳው አትንገሪው፤ ስለ ልጁ ንገሪው። በልጅነቱ ምን ያስቃችሁ እንደነበር። ማን ላይ ያላግጥ እንደነበር። ዕንባ ከመጣ ይምጣ። ከዚያ ለአክስትሽ ደውዪ። ገና እየደረሰ ነው፤ ለእሷም ያለ ልጇ ሁለተኛው ገና ነው። "እንዴት ነሽ" ብለሽ ስትጨርሺ ስሙን ጥሪላት። ልጁ የሞተባት እናት ሰው ስሙን እየሸሸ ሲያልፈው ታውቃለች።

የአዳር ጸሎቱ እንዴት እንዳለፈ ጻፊልኝ። ስትጽፊ ደግሞ ስሙን አትርሺ። ዓምዱ ላይ አላወጣውም። በምጸልይበት ጊዜ ግን "የዚያች ሴት የአክስት ልጅ" እያልኩ መጥራት አልፈልግም።